ሊሰርቅ ገብቶ ገድሎ የወጣ

በልጅነታችን ሁላችንም የሰማነው የአንድ ሌባ ተረት አለ። ልጁ መጀመሪያ ዕንቁላል ሰርቆ ለእናቱ አመጣ፤ ዝም አለች። ዶሮ አመጣ፤ ዝም። በግ አመጣ፤ አሁንም ዝም። በመጨረሻ በሬ ሲነዳ ተያዘና ስቅላት ተፈረደበት። ገመዱ አንገቱ ላይ ሊገባ ሲል «ምነው እናቴ፣ በዕንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» አለ ይባላል። ተረቱ ለልጅ ማስፈራሪያ ጥሩ ነው። እኔን ግን ካደግሁ በኋላ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሰውዬው የሰረቀው በሬ፣ የተፈረደበት ሞት! እንዴት ነው ነገሩ? ከበሬው እስከ ገመዱ ባለው መካከል ተራኪው የዘለለው አንድ ሌሊት ያለ ይመስለኛል። የበሬው ባለቤት ነቅቶ ይሆን? ዱላ ተማዘው ይሆን? ሌባውስ ብቻውን ነበር ወይስ ግብረ አበር ነበረው? ተረት ለእንዲህ ያለው ዝርዝር ጊዜ የለውም። ሌባ ማለት ገና ያልገደለ ነፍሰ ገዳይ ነው ብሎ ያልፈዋል።

እዚህ እኛ ዘንድ፣ ከወልድያ እስከ መርሳ ባለው አገር፣ ለቅሶ በተቀመጠበት ድንኳን ሥር የሚሰማው ፍርድም ከተረቱ ብዙ አይርቅም። ሌቦች ሌሊት መጡ፣ ባለቤቱ ሞተ፣ እንግዲህ የመጡት ሁሉ ገዳዮች ናቸው፤ አለቀ። ለቀስተኛ ይህን ቢል አይፈረድበትም። ጥያቄው ዳኛም እንዲህ ማለት ይችላል ወይ ነው። ሦስት ሰዎች ሊሰርቁ ሄደው አንዱ ሰው ቢገድል፣ ነፍሰ ገዳዮቹ ስንት ናቸው? አንድ ወይስ ሦስት? ይህች አጭር ጥያቄ በእኛም አገር በባሕር ማዶም የይግባኝ ዳኞችን ስታደክም የኖረች ናት።

ይግባኝ የሚለውን ቃል ልብ ብላችሁ ብትሰሙት መግባት አለበት። ነገሬ እዚህ ደጅ ላይ አይቅር፣ ወደ ውስጥ፣ ወደ በላይ ይግባ የማለት ጩኸት ነው። በጥንቱ ሥርዓት ከጭቃ ሹሙ የተነሣ ነገር በየደረጃው ወጥቶ፣ በአፈ ንጉሡ አልፎ እስከ ንጉሡ ዙፋን ሊደርስ ይችል ነበር። በአጼ ምኒልክ ዘመን አፈ ንጉሥ ነሲቡ በዚያ ወንበር ላይ ስማቸው የገነነ ዳኛ ነበሩ፤ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙም የመጀመሪያው የፍርድ ሚኒስትር ሆነዋል። እንግዲህ ይግባኝ ለአበሻ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው ሌላ ነው፤ ይግባኝ የሚባልበት የተጻፈ ምክንያት መኖሩ ነው። ምክንያት ያልተሰጠበትን ፍርድ በምን ይዘው ይሟገቱታል?

ሌባ ሻይን ውሰዱ። አንድ ሰው ቤቱ ተሰርስሮ ንብረቱ ሲጠፋ ወደ ሌባ ሻዩ አለቃ ይሄዳል። አለቃው ለአንድ ትንሽ ልጅ መድኃኒት ያጠጣዋል፣ ያስጨሰዋልም። ልጁ ይሰክራል። ወገቡን በመቀነት ይታሰርና ጫፉን አንድ ሰው ይዞ ከኋላው ይከተለዋል። ልጁ እየተንገዳገደ መንደሩን ይዞር ይዞርና አንዱ ቤት ገብቶ ዘጭ ይላል። በቃ፣ የዚያ ቤት ባለቤት ሌባ ነው፤ ይከፍላል። ምስክር የለ፣ መከላከያ የለ። ዳኛው የልጁ እግር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አገራችንን የጎበኙ ፈረንጆች ይህን አይተው ጉድ ብለው ጽፈዋል። እኛም ጉድ ብንል ነውር የለውም። ልጁ የወደቀበት ቤት ባለቤት ይግባኝ ቢል የሚለው ለማን ነው? ለመድኃኒቱ?

አውጫጭኝ፣ አፈርሳታም የሚሉት፣ ከዚህ በብዙ ይሻላል። ሰው ሲገደል ወይም ከብት ሲዘረፍ አገሬው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት መሄድ የለም። እርሻ ይደር፣ ከብት ይጠማ፣ የቀረም ይቀጣል። ያየ ሰው በአደባባይ መናገር ከፈራ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ለተመረጡት ሽማግሌዎች ሹክ ይላል። ብልኃቱ ይገባኛል። ነገ አንድ ውኃ የሚቀዳ፣ አንድ ገበያ የሚወጣ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ቆሞ መመስከሩ ቀላል አይደለም። ግን ወፍ መስቀለኛ ጥያቄ አትጠየቅም። ወፏ «እነ እገሌ ናቸው» ትላለች እንጂ ከእነ እገሌ ውስጥ ማን በር ላይ ቆመ፣ ማን ጦር ወረወረ አትልም። የሰፈር ፍርድ «እነ» በምትለው ፊደል ላይ የቆመ ነው።

በነገራችን ላይ ሌባ ሻይንና ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት የሚታሰሩበትን ቁራኛ ለማስቀረት ቀድመው ከተነሡት አንዱ የወሎው የራስ ሚካኤል ልጅ፣ ልጅ ኢያሱ ናቸው። ስለ እርሳቸው ብዙ ክፉ ተጽፏል፤ ይህቺ በጎ ሥራ ግን ከዙፋኑ ከወረዱበት ከ1909 ዓ.ም. በኋላ እምብዛም አትነሣላቸውም። ወሎዬ ስለሆንኩ እንደማዳላ ይታወቅልኝ።

ሰው የገደለ ሰው ደግሞ በዚያ ዘመን ሲፈረድበት ለሟች ዘመዶች ይሰጥ ነበር። ከፈለጉ ሟች በሞተበት ዓይነት መሣሪያ ይገድሉታል፣ ከፈለጉ የደም ዋጋ ተቀብለው ይምሩታል። ቅጣቱን የሚፈጽመው ሐዘንተኛው ራሱ ነው። በእንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ «ይኼኛው ግን በር ላይ ነበር የቆመው» የሚል ክርክር ምን ያህል ጆሮ ያገኝ እንደነበር መገመት አያቅትም።

ይህን ስል የድሮ ሊቃውንት ሐሳብን ከአደጋ አይለዩም ነበር ማለቴ አይደለም። ፍትሐ ነገሥቱ አስቦ የገደለንና ሳያስብ የገደለን ለይቶ ያያል። ከዚያም በፊት ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ላይ ሁሌ የሚያስደንቀኝ ድንጋጌ አለ። ሌባ ቤት ሲሰረስር ተገኝቶ ቢመታና ቢሞት፣ በመታው ሰው ላይ የደም ዕዳ የለበትም። ፀሐይ ከወጣችበት ግን የደም ዕዳ አለበት። ለምን ፀሐይ? ሌባው በቀንም በሌሊትም ያው ሌባ ነው። ልዩነቱ ጨለማው ነው። በጨለማ ውስጥ ባለቤቱ የገባው ሰው ለበሬው ይምጣ ለነፍሱ ማወቅ አይችልም። በቀን ያውቃል፤ ቢያንስ መጮህና መያዝ ይችላል። እንግዲህ ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት የተጠየቀው ጥያቄ «ማን ሞተ?» ብቻ አልነበረም፤ «ምን ያውቅ ነበር? ምን ሊያይ ይችል ነበር?» የሚልም ነበር ማለት ነው። የዛሬው የወንጀል ሕጋችን ፀሐይዋን አንሥቶ በቦታዋ ተመጣጣኝነትን አስቀመጠ። ራሱንና ቤቱን የሚከላከል ሰው ከአደጋው ጋር የሚመጣጠን ኃይል ይጠቀም ይላል። ከልኩ አልፎ ከገደለ ቀላል የሰው ግድያ ይባልና እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ሊያገኘው ይችላል። ይህ የባለቤቱ ወገን ነው። የእኔ ነገር ግን ሌባው ሳይሆን ባለቤቱ ሲሞት ነው።

ከጣሊያን መውጣት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 2 እንደገና ተቋቋሙ፤ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥና ይግባኝ ወዴት እንደሚሄድ በወረቀት ሰፈረ። ከዚያ ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫው ሕግ ወጣ። ረቂቁን ያዘጋጁት የጄኔቫው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ናቸው። ሕጉ ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። በውስጡ አንቀጽ 58 የሚባል፣ በንዑስ ቁጥር 3 አንዲት አጭር ደንብ የያዘ ቦታ አለ። ነገሩን በእኔ አነጋገር ላስቀምጠው፦ ማንም ሰው ባላወቀውና ባላሰበው፣ ወይም ይደርሳል ብሎ ከገመተውና ከተቀበለው ባለፈ ውጤት አይቀጣም፤ የቸልተኝነት ደንብ እንደተጠበቀ ሆኖ። በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግም ይህን ደንብ በዚያው ቁጥር፣ በዚያው ቦታ አስቀጥሎታል። ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግም ሄደ፤ 58(3) እዚያው ተቀምጣለች።

ይህቺ ደንብ የምትዘጋው በር በእንግሊዞች ዘንድ ለዘመናት ክፍት የነበረ ነው። እነሱ ዘንድ ከባድ ወንጀል ሲፈጽም ሰው የሞተበት፣ መግደልን ባያስብም እንኳ እንደ ነፍሰ ገዳይ ይቆጠር ነበር። የሌብነቱ ክፉ ሐሳብ ወደ ግድያው ተሻገረ ይላሉ። እንግሊዝ ይህን ደንብ የሻረችው እ.ኤ.አ. መጋቢት 1957 በወጣ ሕግ ነው። የእኛው ሕግ የወጣው ደግሞ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ነው። የአራት ወር ልዩነት! ስለ ሕግ ስናወራ ሁሌ ከፈረንጅ ኋላ እንደቀረን አድርገን ለምናስብ ሰዎች ይህቺን ቀን ማስታወስ ደግ ነው።

አሜሪካ ግን በአብዛኞቹ ግዛቶቿ ደንቡን እስከ ዛሬ ይዛዋለች። ፍሎሪዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1975 ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት እርሻ ቤታቸው ውስጥ ተዘርፈው ተገደሉ። ኤንመንድ የሚባለው ተከሳሽ መንገድ ዳር መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ሞት ተፈረደበት። ጉዳዩ በይግባኝ ወጥቶ ወጥቶ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘንድ ደረሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1982 ራሱ ያልገደለ፣ ለመግደል ያልሞከረና ያላሰበ ሰው በሞት አይቀጣም አለ። ልብ በሉ፣ ነፍሰ ገዳይ አይደለም አላለም፤ አትግደሉት ነው ያለው። ከአምስት ዓመት በኋላ በሌላ ጉዳይ ያንኑ ጠበብ አድርጎ፣ በወንጀሉ ዋና ተሳታፊ ሆኖ ለሰው ሕይወት ደንታ ያልነበረው ሰው ሞት ሊፈረድበት ይችላል አለ። እዚያው ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ቤት ሊዘርፉ ለሚሄዱ ጓደኞቹ መኪናውን ያዋሰ አንድ ወጣት፣ ወንጀሉ ቦታ ሳይኖር፣ ያለ አመክሮ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታል። ኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 ቅጣቱ ወደ 25 ዓመት ወርዶለታል። አሜሪካ ያላችሁ የወልድያ ልጆች፣ ቁልፍ ስታውሱ ወዴት ነው ብላችሁ ጠይቁ።

እኛ እንግዲህ ከዚህ ድነናል? በጽሑፍ አዎ። በችሎት ግን ነገሩ እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። ለማስረዳት ያህል ሰዎች ልፍጠርና ላቁማቸው።

ሀብሩ ውስጥ ነው እንበል። ሦስት ሰዎች ሌሊት በሬ ሊሰርቁ ይወጣሉ። በፍርድ ቤት ቋንቋ 1ኛ፣ 2ኛ እና 3ኛ ተከሳሽ እንበላቸው። 1ኛው ክላሽ ይዟል። 2ኛው በረቱን ይከፍታል። 3ኛው ከመንገዱ ዳር ሆኖ ሰው እንዳይመጣ ያያል። ውሻ ጮኸ። ባለቤቱ በትሩን ይዞ ወጣ። 1ኛው ተኮሰ። ሰውዬው ልጆቹ ፊት ወደቀ።

ክሱ ሲመጣ ሦስቱም በአንድ ወረቀት ላይ ናቸው። አንቀጽ 32፣ ከዚያ አንቀጽ 539፣ ከባድ የሰው ግድያ፤ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። አንቀጽ 32 ራሱ ባይገድልም በሙሉ ሐሳቡ በድርጊቱና በውጤቱ የተካፈለን ሰው ዋና ወንጀል አድራጊ ይለዋል። ደግ ሕግ ነው፤ ገዳይ ልኮ ቤቱ የሚተኛ እንዳያመልጥ ያደርጋል። ግን «ሙሉ ተካፋይ» የምትለው አነጋገር በክስ ወረቀት ላይ እንደ ማኅተም ስትመታ፣ 58(3) የዘጋችውን በር በጓሮ በኩል ትከፍተዋለች። ያ የአውጫጭኙ «እነ» ኮትና ከረባት ለብሶ ተመለሰ ማለት ነው። የሚገርመው ሕጉ ራሱ ይህን አስቦበታል፤ እዚያው አንቀጽ 32 ላይ የተፈጸመው ወንጀል ከተከሳሹ ሐሳብ ካለፈ በ58(3) ይታይ ብሎ ጽፏል። አብዛኛው አንባቢ የመጀመሪያውን ንዑስ ቁጥር አንብቦ መጽሐፉን ይዘጋዋል።

አንቀጽ 539 ደግሞ ሌላ ወንጀል ለመፈጸም ወይም የተፈጸመን ለመሸፈን ብሎ መግደልን ከባድ ግድያ ያደርገዋል። ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው በስርቆት ላይ የሞተ ሰው ሁሉ እዚህ ይገባል» የሚሉ አሉ። አይደለም። ቁም ነገሩ «ብሎ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ገዳዩ በሬውን ለመውሰድ ወይም እንዳይታወቅበት ብሎ የገደለ እንደሆነ ነው። የ1ኛውን ዓላማ ይጠይቃል እንጂ የ3ኛውን አይነግረንም። ከባድ ውንብድናም አለ፤ ሰው የሞተበት ሲሆን ቅጣቱ እስከ ሞት ሊደርስ ይችላል። ያም ቢሆን 58(3)ን አይሽረውም።

ታዲያ ይግባኝ ሰሚው ዳኛ ለ3ኛው ተከሳሽ ምን ይጠይቃል? እኔ ብሆን የምጠይቀውን ልንገራችሁ። ክላሹን አይቷል ወይ? የእኛ አገር ሰው በቀንም መሣሪያ ይዞ ይወጣልና «አይቷል» ብቻ አይበቃም። ጥይት ሲጎርስ ነበረ? «ሰው ከወጣ ምን እናደርጋለን?» ተባብለዋል ወይ? ከዚህ በፊት አብረው ወጥተው ያውቃሉ? ያኔስ ተተኩሷል? ከሁሉም በላይ፣ ከተኩሱ በኋላ ምን አደረገ? ደንግጦ ሮጠ ወይስ በሬውን መንዳቱን ቀጠለ? ሰው ወድቆ እያየ በሬ የሚነዳ ሰው «ከሆነም ይሁን» ብሎ ነበር የመጣው ለማለት መንገድ ይከፍታል። ሕጋችን «ይሁን» ብሎ መግባትንም እንደ ሐሳብ ይቆጥረዋልና። ሮጦ ያመለጠው ግን ሌባ ነው፤ በከባድ ስርቆት ወይም በውንብድና ይጠየቅ፤ ምናልባትም በቸልተኝነት። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በጥቂት ዓመት እስራትና በዕድሜ ልክ መካከል ያለው ርቀት ነው። ያ ሁሉ ዕድሜ የተንጠለጠለው አንድ ምስክር «ሲሮጥ አየሁት» ወይም «ሲነዳ አየሁት» ባለው ላይ ነው። ለዚህ ነው መዝገቡ ወሳኝ የሚሆነው። የመጀመሪያው ዳኛ ይህን ጠይቆ ካላስጻፈው፣ ይግባኝ ሰሚው ከወዴት ያመጣዋል? ሰበር ሰሚ ችሎትማ የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ነው እንጂ ማን ሮጠ ማን ነዳ ብሎ ምስክር አይሰማም።

ለመሆኑ የይግባኙ መንገድ ራሱ ምን ያህል ነው? በንጉሡ ጊዜ ወልድያ የየጁ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ቀላሉ ጉዳይ እዚሁ ያልቃል። ሰው የሞተበት ከሆነ ደሴ ይወረዳል፤ 120 ኪሎ ሜትር ያህል። ከደሴ አዲስ አበባ፣ ጠቅላይ የንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት። እዚያም ካልሆነ የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ የመጨረሻዋን በር ክፍት ትቶ ነበር፤ ለዙፋን ችሎት አቤት ማለት። ጃንሆይ ከዙፋን ሲወርዱ ያች በር አብራ ተዘጋች። በ1967 ዓ.ም. የተቋቋመው ልዩ የጦር ፍርድ ቤት ደግሞ ጭራሽ ይግባኝ የማይባልበት ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ይግባኝን የተከሰሰ ሰው ሁሉ መብት አደረገው። ዛሬ ከባድ ግድያ ወልድያ ላይ በዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይታያል፣ ይግባኙም ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። የቀድሞ ሰው ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ ይለምን ነበር፤ ያሁኑ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ባሕር ዳር ዞሯል።

ርቀት ክፉ ነው ይባላል። በገንዘብ ሲታይ እውነት ነው፤ ላም ሸጦ የሚሟገት ቤተሰብ ያውቀዋል። እኔ ግን ርቀት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ አንድ ደግ ነገር አለው እላለሁ። የመጀመሪያው ዳኛ ችሎት ሲቀመጥ ፊት ለፊቱ ጥቁር የለበሰች እናት አለች። ደጁ ላይ የሟች ወገን በአንድ በኩል፣ የተከሳሾች ወገን በሌላ በኩል ተፋጥጠዋል። ማታ በሚሄድበት መንገድ ላይ ሁለቱም ያገኙታል። ዳኛም ሰው ነው። ሌላ ከተማ ያለው ይግባኝ ሰሚ ዳኛ ግን ለቅሶውን አይሰማም፤ ወረቀቱን ያነባል። በወረቀት ላይ 1ኛ፣ 2ኛና 3ኛ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ይህን ሐሳቤን ለብዙ ዓመት ማመልከቻ በመጻፍ ለኖሩ አንድ የከተማችን ሽማግሌ አጫወትኳቸው። ሳቁብኝ።

«አንተ ስለ አንቀጽ ታወራለህ» አሉኝ። «እኔ ዘንድ የሚመጣ ሰው የሚወድቀው በአንቀጽ አይደለም፣ በቀን ነው።»

«እንዴት ጋሼ?»

«አሥራ አምስት ቀን! ፍርዱ በተነገረ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይግባኝ እላለሁ ብሎ ማስታወቅ አለበት። ከዚያ ግልባጩ ሲሰጠው ቅሬታውን በሠላሳ ቀን ያስገባል። ሰዉ ምን ያደርጋል መሰለህ? መጀመሪያ ያለቅሳል። ቀጥሎ ዘመድ ይሰበስባል። ቀጥሎ ሽማግሌ ይልካል። እኔ ጋ ሲደርስ ሃያ ቀን ሆኖታል።»

«ዘግይቶም ቢሆን ማስፈቀድ ይቻላል እኮ ይላሉ።»

«ይቻላል፤ ጥፋቱ የእሱ ካልሆነ። አዝኜ ነበር ማለት ምክንያት ይሆናል? እስቲ አንተ ጻፈውና አሳየኝ።»

ምን እላለሁ? እሳቸው ያሉት የ1954ቱ ሕግ ያስቀመጠው ጊዜ ነው። ስለ ሐሳብና ስለ «ይሁን» የሚደረገው ረቂቅ ክርክር ሁሉ ከዚህች ጠባብ የቀን በር ወዲያ ነው ያለው።

የሟችን ቤተሰብ የረሳሁ እንዳይመስላችሁ። ይግባኝ የተከሳሽ ብቻ አይደለም። ዐቃቤ ሕግም ተከሳሽ በነጻ ሲለቀቅ ወይም ቅጣቱ አነሰ ሲል ይግባኝ ይላል። 3ኛው ተከሳሽ ባሕር ዳር ላይ ከነፍሰ ገዳይነት ወደ ሌብነት ሲወርድለት፣ መርሳ ያለችው ባሏ የሞተባት ሴት የሚደርሳት ወሬ «ፈቱት» የሚል ነው። ማንም ቁጭ ብሎ ለምን እንደሆነ አያነብላትም። ዳኛው ምክንያቱን ጽፏል፣ ግን ለእሷ አልጻፈውም። የዳኝነቱ ትልቁ ጉድለት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌዎቻችን በዚህ ይበልጣሉ። ደም ሲያደርቁ የሁለቱንም ወገን ቃል በሁለቱም ፊት ያሰማሉ፣ ያስምላሉ፣ ማን ምን እንዳደረገ በግልጽ ያናግራሉ። በእርግጥ ዕርቁ ክሱን አያቆመውም፤ ሰው የገደለ ሰው ጉዳይ የመንግሥትም ነው። ቢሆንም ተጸጽቶ የካሰ፣ ዕርቅ የወረደ ሰው ቅጣት ሲመዘን ይቀልለት ዘንድ ይከራከራል። ደሙ ካልደረቀ ግን ይግባኝ ያስፈታው 3ኛው ተከሳሽ ወደ ሀብሩ አይመለስም፤ ቢመለስም አይከርምም። የሟች ወንድም ዘንድ «ሙሉ ተካፋይ» ለመሆን አብሮ መገኘት ይበቃል።

አሁን አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ ተጨምሯል። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ በቆየችበት ጊዜ በዚህ አካባቢ ያሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ሰነድም ጠፍቷል። ሌላ ሰው የሚያስበው ስለ ኮምፒውተሩና ስለ ወንበሩ ነው። እኔ የማስበው «ሲሮጥ አየሁት» የምትለው የምስክር ቃል ስላለችበት ወረቀት ነው። ይግባኝ መዝገብ ከሌለው እንደገና ወደ ወፏ መመለስ ነው።

ሽማግሌው ስለዚህ የሚሰጡት ምክር አጭር ነው። ፍርድ በተነገረ ማግሥት ግልባጩን ጠይቁ፣ በሁለት ቅጂ አውጡት ይላሉ። አንዱ ማረሚያ ቤት ካለው ሰው ጋር ይሁን። ሌላውን በፌስታል ጠቅልላችሁ ቤት አስቀምጡት፣ አይጥ ከማይደርስበት።